ያልገዛሁትን ሸጥሁ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ሰው በሕይወቱ ዘመን ብዙ ነገር ይሸጣል። ገበሬ እህሉን፣ ነጋዴ ሸቀጡን፣ እንደ እኔ ያለው መምህርም ጉልበቱንና ጉሮሮውን ሸጦ ያድራል። ከተሸጠው ውስጥ አብዛኛው ከእጅ በወጣ ማግስት ይረሳል። አንዳንዱ ግን ከእጅ ከወጣ በኋላ ወደ ልብ ገብቶ ይቀመጣል። ዛሬ የማጫውታችሁ እንዲህ ስላለው ሽያጭ ነው። ይኸውም በ2015 ዓ.ም. በኅዳር ወር በደባርቅ ከተማ፣ ከአያቴ በአደራ የተቀበልሁትን ሽጉጥ በ40,000 ብር ሸጥሁ።

«መምህር የሆነ ሰው ስለ ሽጉጥ ምን አገባው?» የሚል እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። እኔም ይህንኑ እያሰብሁ ብዕሬን አንሥቼ መልሼ ያስቀመጥሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን የምጽፈው መሣሪያን ለማወደስ አይደለም። ታግሣችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ በኋላ ፍረዱ።

ትውልዴ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ የገጠር መንደር ነው። አባቴ በሕፃንነቴ ስለ ሞተ ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። አገራችን ደጋ ነው፤ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ በኅዳር ማለዳ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ይሄዳል። ገብሱ የሚበቅለው፣ በጉ የሚረባው፣ ሰውም የሚያድገው በዚሁ ብርድ ነው። በዚህ አገር ጠበንጃ እንደ ማረሻና እንደ ቀንበር የቤት ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ለሠርግም ይተኰሳል፤ ለለቅሶም ይተኰሳል።

እኛ ሕፃናት ሳለን ፊደል ሳንቈጥር የጠበንጃ ስም እንቈጥር ነበር። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር እያልን ዱላችንን እንደ ጠበንጃ አንግተን በጎቹን እንከተላለን። ስሞቹ ሁሉ ከአያቶቻችን የወረስናቸው ንጹሕ አማርኛ ይመስሉኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቼ ታሪክ ስማር ነው የተገለጠልኝ። ሰናድር የተባለው ስናይደር የሚባለው የእንግሊዞች ጠበንጃ ነው። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ለበን የፈረንሳዩ ለቤል፣ ምንሽርም የኦስትሪያው ማንሊከር ነው። አባቶቻችን መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ወስደው የራሳቸው አድርገውታል።

አያቴ ሁለት መሣሪያ ነበራቸው፤ አንድ ምንሽርና አንድ ሽጉጥ። ምንሽሩን በጕልምስናቸው ዘመን በሬ ሸጠው የገዙት ነው። በጥምቀት፣ በሠርግና በለቅሶ ይዘውት ይወጣሉ። ሽጉጡ ግን ከቤት አይወጣም ነበር። አያቴ እንደ ሴት ልጅ ቈጥረው «እሷ» ይሉታል። በአንዲት የነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ከሣጥኑ ሥር ይቀመጥና በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ በመስቀል ማግስት መስከረም 18 ቀን፣ ይወጣል። አያቴ የቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ነጠላውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ በዘይት እየወለወሉ ታሪኩን ይነግሩናል። እኔ ታሪኩን በየዓመቱ ስለ ሰማሁት እርሳቸው ሲረሱ እስከ ማስታወስ ደርሼ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከደባርቅ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ተሄደ መሬቱ በድንገት ይቈረጥና ገደል ይሆናል። ይህ ወልቀፊት ነው። ከዚያ ወደ ታች የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ሊማሊሞ ይባላል፤ የሠሩትም ኢጣሊያኖች ናቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ እንኳ የጠላት ጦር በወልቀፊትና በጐንደር ምሽጉን ይዞ ቈይቶ ነበር። ወልቀፊትን የአገሩ አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበው ወራት ከቈዩ በኋላ፣ የምሽጉ አዛዥ ኮሎኔል ጎኔላ 3,000 ከሚያህል ሠራዊቱ ጋር መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ጐንደርም ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን፣ ተለቀቀች።

ቅድመ አያቴ ከከበቡት አርበኞች አንዱ ነበሩ። እንደ አያቴ አነጋገር፣ አንድ የኢጣልያ መኰንን ከምሽጉ ሲወጣ ሽጉጡን ከነአፎቱ ፈትቶ በእጃቸው ሰጣቸው። አፎቱ በኋላ አይጥ በልቶት ጠፋ፤ ሽጉጡ ግን ኖረ። አያቴ ለዚህ ታሪክ ማስረጃ ነበራቸው። በሽጉጡ ጎን ላይ የላቲን ፊደል ተቀርጾበት በፊደሉ መካከል 1934 የሚል ቍጥር ይነበባል። «ይኸው! ዓመተ ምሕረቱን ጣልያኑ ራሱ ጽፎ ሰጠን» ይሉን ነበር። ከፊደሉ መጨረሻ ደግሞ ዝገት የበላው ሌላ ቍጥር አለ፤ ከእርሱም ቀጥሎ መስቀል የመሰለ ምልክት ይታያል። «ሰውየው ጠላትም ቢሆን ክርስቲያን ነበረ፤ መስቀል አስቀርጾባታል» ይላሉ። እኔም በዚያ መስቀል ላይ ጣቴን እያሳለፍሁ አደግሁ።

በ2011 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስገባ ለልብስ፣ ለመጓጓዣና ለኪስ የሚሆን ገንዘብ አልነበረንም። አያቴ ምንም ሳይናገሩ አንድ ቀን ምንሽሩን አንግተው ወጡ፤ ማታ እጃቸውን ይዘው ተመለሱ። ገንዘቡን ቈጥረው ሲሰጡኝ ዓይናቸውን ለማየት አፈርሁ።

«አባባ፤ አይቈጭዎትም?» አልኋቸው።

«ለምን ይቈጨኛል? ምንሽሩን እኔ ገዛሁት፤ እኔ ሸጥሁት» አሉ።

«ሽጉጡን ቢሸጡትስ ኖሮ?»

ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። «እሷን እኔ አልገዛኋትም፤ ያልገዛሁትን እንዴት እሸጣለሁ?» አሉኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ እኔ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ስለ ንብረትና ስለ ውርስም የተጻፈ አንብቤአለሁ። ከዚህች አንዲት ቃል የበለጠ ግን ያነበብሁ አይመስለኝም። ክፋቱ፣ ቃሏን ያስተዋልኋት ከረፈደ በኋላ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ አገራችን ተጠጋ። ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅ ገብቶ በየትምህርት ቤቱ ተጠለለ። በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ በዳባት ወረዳ በጭና ተክለ ሃይማኖት ብዙ ሲቪል ሰዎች ተገደሉ። እኔ በዚያን ጊዜ ከትምህርት ተመልሼ ከአያቴ ጋር ነበርሁ። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ሌሊት ሌሊት ይሰማ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ያለውን ይዞ ወጣ። በእኛ ቤት ግን ምንሽሩ ለእኔ ትምህርት ሆኖ አልቋል፤ የቀረው ሽጉጡ ብቻ ነው፤ እርሱም ጥይት ካጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

አያቴ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸው ሳለ፣ ሦስት ሌሊት ደጃፉ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሽጉጡን ጭናቸው ላይ አድርገው አደሩ። በሦስተኛው ሌሊት አላስችል ብሎኝ፦

«አባባ፤ ጥይት የሌላት ሽጉጥ ምን ታደርጋለች?» አልኋቸው።

«እኔ መች ልተኵስባት ያዝኋት? አባቴ አብሮኝ እንዲያመሽ ነው እንጂ» አሉኝ።

እኔም መልስ አጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

አያቴ በ2014 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዐረፉ። ከመሞታቸው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ሽጉጡን ከነነጠላ ቁራጩ በእጄ ላይ አኑረው «ይችን አንተ ያዝ። አትታጠቃት፤ አትሽጣትም። መስከረም 18 ቀን ወልውላትና ታሪኳን ለልጆችህ ንገር» አሉኝ። «እሺ አባባ» አልሁ። በለቅሶውም ቀን እንደ አገሩ ልማድ ዕቃቸው ከበርኖሳቸው ጋር ለሐዘንተኛው ሲታይ፣ ሽጉጡን በሁለት እጄ ይዤ የቆምሁት እኔ ነበርሁ።

በዚያው ዓመት ተመረቅሁ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያም በደባርቅ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ሆኜ ተቀጠርሁ። አዲስ ሥራ፣ አዲስ የኪራይ ቤት፣ አዲስ ባልንጀራ! መስከረም 18 ቀን መጣ፤ ሄደ፤ ትዝ ያለኝ በ20ኛው ቀን ነው። «ለከርሞ እወለውለዋለሁ» ብዬ ተውሁት።

ሽጉጡ ከፍራሼ ሥር ነበር። ሌባ ቢገባስ ብዬ እፈራለሁ። ባልንጀሮቼ መምህራን ወሬውን ሰምተው «ይህ ሰው ሲናደድ የሚተኵስ ነው፤ ተማሪዎች ተጠንቀቁ!» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም የገጠር ልጅ መሆኔ ሳያንሰኝ ባለሽጉጥ መባሌ አሳፈረኝ። ደግሞም ኮምፒዩተር ለመግዛት እጅግ እመኝ ነበር። 40,000 ብር ማለት ያን ጊዜ ከስድስት ወር ደመወዜ የሚበልጥ ገንዘብ ነበር። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ደምሬ ለራሴ ጥሩ ምክንያት አዘጋጀሁ፤ «እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ የተማረ ሰው መሣሪያው ብዕር ነው» አልሁ። የተማረ ሰው ራሱን ለማታለል ሲፈልግ ቃል እንደማያጥረው የዚያን ጊዜ አላወቅሁም።

ሽያጩ የተፈጸመው በአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ነው። ደላላው ገዥውን ይዞት መጣ። ሰውየው ስሙን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ሽጉጡን በእጁ መዘነው፤ ምላጩን ሞከረው፤ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። በጎኑ ላይ የተቀረጸውን ፊደል ግን አንዴም አልተመለከተም። «ጥይቷስ?» አለ። «የላትም፤ ከጠፋ ቈይቷል» አልሁት። ፈገግ ብሎ «ግድ የለም መምህር፤ ጥይት ፈላጊውን አያጣም» አለኝ። ብሩን ቈጥሮ ሰጠኝና ሽጉጡን በፌስታል ጠቅልሎ ከጋቢው ሥር ከተተው። የነጠላዋን ቁራጭ «ይህን አልፈልገውም» ብሎ መለሰልኝ። እርስዋ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለች፤ የዘይቱ ሽታም አልለቀቃትም።

በሳምንቱ ኮምፒዩተሩን ገዛሁ። ነገሩን ለማሳመር ስል ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ብዬ አልዋሻችሁም። እስከ ዛሬ በደንብ ይሠራል፤ ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀውም በእርሱው ነው።

የቁጭቱ መጀመሪያ ሚያዝያ 27 ቀን ነው። የአርበኞች ቀን ሲቃረብ ለተማሪዎቼ ስለ ወልቀፊት አስተማርሁ። ከክፍላችን መስኮት ወደ ሰሜን የሚሄደውን መንገድ እያሳየሁ፣ ምሽጉ በዚያ ነበር፣ ከበባው እንዲህ ነበር እያልሁ ስናገር ሙቀቱ ወሰደኝና «ቅድመ አያቴም ከዚያ ቦታ አንድ ሽጉጥ ማርከዋል» አልሁ። ክፍሉ ሁሉ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«መምህር፤ ሽጉጡን ማየት እንችላለን?»

«ቤት ነው ያለው» አልሁት። «አንድ ቀን ፎቶግራፉን አሳያችኋለሁ።»

አንባቢዎቼ ሆይ፤ እኔ ለተማሪዎቼ ታሪክ በማስረጃ እንጂ በአፍ አይጸናም እያልሁ የማስተምር ሰው ነኝ። በዚያች ቀን ግን ሰሌዳው ፊት ቆሜ ዋሸሁ። ሽጉጡ ቤት አልነበረም፤ ፎቶግራፍም አላነሣሁትም። የሰውን ሁሉ ፎቶግራፍ በሞባይል ስልኬ ሳነሣ፣ የሽጉጡን ግን አንድም አላነሣሁም።

ውሸቴን ለመሸፈን እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ሥዕል መፈለግ ጀመርሁ። አገኘሁትም። ቤሬታ የሚባለው ፋብሪካ ለኢጣልያ ጦር የሠራው፣ ሰባት ጥይት የሚጐርስ፣ ባለ 9 ሚሊ ሜትር አጭር ጥይት ሽጉጥ ነው። የሚጠራውም «ሞዴል 1934» ተብሎ ነው። ይህን ሳነብ ክው አልሁ። በሽጉጡ ጎን የተጻፈው 1934 የእኛ ዓመተ ምሕረት አልነበረም፤ ሞዴሉ የወጣበት የፈረንጆች ዓመት ነው። በእኛ አቈጣጠር 1926 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ወልቀፊት የተለቀቀችበት ዓመትና የሽጉጡ ስም የገጠሙት እንዲያው በአጋጣሚ ነው።

መስቀሉ ደግሞ የባሰ ነበር። በዚህ ዓይነት ሽጉጥ ላይ ከፊደሉ መጨረሻ የሚቀረጸው የተሠራበት ዓመት ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎም በሮማ ቍጥር የፋሺስት ዘመን ይጻፋል። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ በፈረንጆች ጥቅምት 1922 ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ አንሥተው የራሳቸውን ዘመን ይቈጥሩ ነበር። የሮማ ዐሥር ቍጥር አጻጻፉ መስቀል ይመስላል። እንግዲህ አያቴ መስቀል ነው ብለው ያከበሩት፣ እኔም በሕፃን ጣቴ የዳሰስሁት፣ የሙሶሊኒ ዘመን መቍጠሪያ ኖሯል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አያቴ ስለ ተሳሳቱ አልተከፋሁም፤ ቅን ሰው በቅንነት ቢተረጕም ምን ኃጢአት አለው? የከፋኝ ሌላ ነው። ሽጉጡ በእጄ ቢሆን ኖሮ ዝገቱን በጥንቃቄ ጠርጌ የተሠራበትን ዓመት አነብብ ነበር። ክፍል ውስጥ ቆሜ «ልጆች፤ ይህን ቍጥር እዩ፤ አያቴ እንዲህ ይሉ ነበር፤ እውነቱ ግን እንዲህ ነው፤ ቅኝ ገዢ የሰውን አገር ብቻ ሳይሆን ዘመኑንም ለመለወጥ ይሞክራል» ብዬ አስተምርበት ነበር። ከዚህ የበለጠ የታሪክ ትምህርት ከወዴት ይገኛል? የቤተሰባችን ማስረጃ የመሰለን ቍጥር ማስረጃ አለመሆኑን ባወቅሁበት ሰዓት፣ ሌላ ማስረጃ ሊሰጠኝ የሚችለው ዕቃ ራሱ በእጄ አልነበረም። ታሪኩ ያለ ምስክር ቀረ።

በሰኔ ወር ገንዘብ ተበድሬ 50,000 ብር ያዝሁና ደላላውን ፍለጋ በገበያ ቀን ዳባት ወረድሁ። ከበግ ተራው አጠገብ አገኘሁት። «ያችን ሽጉጥ አስመልስልኝ፤ ዐሥር ሺሕ ብር ጨምሬአለሁ» አልሁት። መጀመሪያ የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። በኋላ ፊቴን አይቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«መምህር፤ ሽጉጥ እኮ በሬ አይደለም፤ ከጎረቤት ሄደህ አታገኘው። ያች ከተሸጠች ሦስተኛ እጅ ደርሳለች። ወደ ቈላ ወርዳለች ነው የሚሉት። በል ተዋትና ሥራህን ሥራ» አለኝ።

ከዳባት ወደ ደባርቅ ስመለስ መንደራችንን በአውቶቡስ መስኮት አየሁት። የአያቴ ቤት ደጃፍ ባዶውን ነበር።

እስከዚህ ድረስ የነገርኋችሁ ቁጭት የቅርስ ቁጭት ነው። ከዚህ የሚከብድ ሌላ አለ። በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በክልላችን ግጭት ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት የተኵስ ድምፅ የሰማሁ እንደሆነ የማስበው አንድ ነገር ነው። ያ ስሙን ያልጠየቅሁት ሰው ማን ነበር? «ጥይት ፈላጊውን አያጣም» ያለው ምን ለማድረግ ነው? አንድ እናት ልጇን አጥታ ስታለቅስ ብሰማ፣ በእኔ 40,000 ብር ምክንያት ይሆን ወይ እላለሁ። ምናልባት ሽጉጡ እስከ ዛሬ ጥይት አላገኘም፤ ምናልባት ከአንድ ሣጥን ሥር ዝጎ ተቀምጦ ይሆናል። ይህን የሚያረጋግጥልኝ ሰው ግን የለም። ሽጉጡ በአያቴ ቤት ሳለ ሰማንያ ዓመት ሙሉ ሰው አልገደለም። ከዚያ ቤት ያወጣሁት እኔ፣ «የተማረ ሰው መሣሪያው ብዕር ነው» ያልሁት፣ ነኝ።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 የሚባል ሕግ አለ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ማስተላለፍንም ይከለክላል። የመንግሥት ደመወዝ የምበላ መምህር ሆኜ ያነበብሁት ከሸጥሁ በኋላ ነው። ሕጉን ባለማወቄ አላመካኝም፤ ለማወቅ አልፈለግሁም ነበር።

በዚህ ሐሳብ ውስጥ ሳለሁ ደጋግሞ የሚመጣብኝ የሌላ ሽጉጥ ታሪክ ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑት በዚሁ በስሜን፣ በደረስጌ ማርያም፣ በ1847 ዓ.ም. መሆኑን ታውቃላችሁ። የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ፕላውደን ወዳጃቸው ነበር። እርሱ በ1852 ዓ.ም. በጐንደር አጠገብ የጋረድ ሰዎች አቍስለውት ሞተ። ሌላው እንግሊዛዊ ወዳጃቸው ጆን ቤልም ከጋረድ ጋር በተደረገው ጦርነት ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ሁለቱ ወዳጆቻቸው በቀል የተማረኩትን ብዙ ሰዎች ያስገደሉት በዚሁ በእኛ በደባርቅ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ለፕላውደን ስላደረጉት ቸርነት ምስጋና ይሁን ብላ፣ የምስጋና ቃል የተቀረጸበት ሽጉጥ በቆንሲል ካሜሮን እጅ ላከችላቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የእንግሊዝ ጦር ሲደርስባቸው ሕይወታቸውን ያጠፉት በዚያው በስጦታው ሽጉጥ ነው።

ይህን ታሪክ ለምን አነሣሁ? የወዳጅነት ምስጋና ሆኖ የመጣ ዕቃ ምን ሆኖ እንደሚጨርስ ሰጪም ተቀባይም አያውቅም። የዚያ ሽጉጥ መንገድ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይታወቃል፤ ከማን ለማን እንደ ተሰጠ ተጽፏልና። የእኔ ቤት ሽጉጥ ሰማንያ ዓመት በአፍ ሲነገርለት ኖሮ፣ ጽሕፈት ዐውቆ ደመወዝ የሚበላበት ልጅ እጅ ሲገባ ጠፋ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ተማሪዎችም ሆናችሁ እንደ እኔ አዲስ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ምክሬ አጭር ነው። መሣሪያ ያዙ አልላችሁም፤ መሣሪያ ላለው ሰው በሕግ የታዘዘውን ይፈጽም ነው የምለው። ነገር ግን በአያቶቻችሁ ሣጥን ሥር ያለው ዕቃ፣ ሽጉጥ ቢሆን፣ የብራና ዳዊት ቢሆን፣ የብር መስቀል ወይም ሜዳይ ቢሆን፣ ችግር ሲገፋችሁ ወይም እፍረት ሲይዛችሁ ለማይታወቅ ሰው አትስጡት። ከሁሉ አስቀድማችሁ ባለቤቱ ሳይሞት ጠይቁት። የነገራችሁን ጻፉ፤ የተቀረጸበትን ፊደልና ቍጥር ገልብጡ፤ ፎቶግራፍ አንሡ። የገዛችሁትን መሸጥ መብታችሁ ነው። ያልገዛችሁት ግን በእጃችሁ ያለ የሌላ ሰው ዕቃ ነው፤ ከፊታችሁ የነበረውና ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው ነው ባለቤቱ።

ዘንድሮም መስከረም 18 ቀን ሥራዬን ጨርሼ ቤቴ ገባሁና የነጠላዋን ቁራጭ አውጥቼ ጭኔ ላይ ዘረጋኋት። የሚወለወል ነገር አልነበረም። እንዲያው ተቀምጬ ታሪኩን ለራሴ ነገርሁና መልሼ አጠፍኋት። በማግስቱም ያን በ2015 ዓ.ም. እጁን ያወጣውን ተማሪ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ዛሬ ትምህርቱን ጨርሶ ትልቅ ሰው ሆኗል። «ሽጉጡ ቤት ነው ያልኋችሁ ውሸት ነበር፤ ሸጬዋለሁ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «ታዲያ መምህር፤ ታሪኩን ለምን አይጽፉትም?» አለኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ የያዝሁትን ለቅቄአለሁ። የቀረውን ወረቀት ይያዝልኝ ብዬ ይህን ጻፍሁ።